ሲየስታ የሚተኛው ማሽን

ስለ ሥራዬ ስጠየቅ አልሽኮረመምም። በፓራጓይዋ ዋና ከተማ በአሱንሲዮን ከእኔ ከኒሚያ ካሴሬስ በላይ ሰርቨር በርካሽ የሚያቆም ሰው ካለ ስሙን ንገሩኝ፣ ሄጄ እተዋወቀዋለሁ። እንዲህ ስል ባልደረባዬ ዴርሊስ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ይሰቅላል፤ እሱ ጉራ አይወድም። እኔ ግን የሠራሁትን ሠራሁ እላለሁ፣ የተበላሸብኝንም ጭምር።

ትልቁ ደንበኛችን ዶን አኒባል ናቸው። አገር አቋራጭ አውቶቡሶች አሏቸው፣ የትኬት መሸጫ ድረ ገጻቸውን የምናንቀሳቅሰው እኛ ነን። አንድ ሰው ወንበር መርጦ «ያዝልኝ» ሲል፣ እስኪከፍል ድረስ ወንበሩ ለሌላ እንዳይሸጥ የሚያስታውስ ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም ሁሉንም ነገር በሚሞሪው፣ ማለትም በጭንቅላቱ ነው የሚይዘው። ሺህ ሰው ባንዴ ቢጠይቀው የማይንተባተበው ለዚህ ነው። ወደ ዋናው መዝገብ የሚገባው የተከፈለበት ወንበር ብቻ ነው።

ይህን አስታዋሽ ከአንድ የውጭ ድርጅት ተዘጋጅቶ እንከራየው ነበር፤ ሂሳቡ በዶላር ይመጣል፣ በየወሩም ያብጣል። በመጨረሻ ዶን አኒባል መረራቸው። ከብራዚል፣ ከሳኦ ፓውሎ፣ ደግሞ አንድ ትልቅ ኩባንያ ሥራውን በሙሉ ልውሰድ እያለ ሲደውልላቸው ከርሟል።

«እስከ ሰሙነ ሕማማት ሂሳቡን ካላወረድሽልኝ፣ ልጄ፣ ለነሱ እሰጠዋለሁ» አሉኝ።

እሳቸው ከሄዱ የሚቀሩን አንድ ፋርማሲና አንድ የጥርስ ሐኪም ናቸው። በነሱ የቢሮ ኪራይ አይከፈልም፤ ዴርሊስ ደግሞ መንታ ሕፃናት ተወልደውለታል።

«በቃ፣ ራሳችን እንተክለዋለን» አልኩት።

ፕሮግራሙ እንደሆነ በነጻ የሚገኝ ነው፤ ሰው የሚከፍለው ሌላ እንዲጠብቅለት ነው። ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በርቀት፣ ትንሽ ማሽን ተከራየን፣ ፕሮግራሙን ጫንንበት፣ ምን ያህል ሚሞሪ መውሰድ እንደሚችል ወሰንንለት፣ ከኛ ድረ ገጽ በቀር ማንም እንዳያንኳኳ በሩን ቆለፍን። በጭንቅላቱ የያዘውን በየጊዜው ዲስክ ላይ መጻፍም ይችላል፤ ግን ዲስክ ለብቻው ይከፈልበታል፣ ማሽኑ ደግሞ ቀን ከሌት ይሠራል፤ ለምን ሲባል ብለን ያንን ተውነው። ሂሳቡ ዶን አኒባል ለአውቶቡስ ማጠቢያ ሳሙና ከሚያወጡት አነሰ።

እሳቸው ግን መቆጠብ ከጀመሩ መቆሚያ የላቸውም። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቢሯችን መጡ። ቴሬሬ የምንለውን ቀዝቃዛ የቅጠል ሻይ በአንድ ዋንጫ እየተቀባበልን ነበር፤ ተራቸው ሲደርስ ጠጡና ዋንጫውን ለዴርሊስ መልሰው ስክሪኑን አዩ።

«ይሄ ማሽን በሲየስታ ሰዓት፣ አገሩ ሁሉ ከምሳ በኋላ ሲተኛ፣ ምን ይሠራል?»

«ነቅቶ ይጠብቃል» አልኳቸው።

«ማንን? በዚያ ሰዓት ፓራጓይ ውስጥ ትኬት የሚገዛ አለ? ሾፌሮቼ ተኝተዋል፣ ትኬት ቆራጮቼ ተኝተዋል፣ ውሻዬ እንኳ ተኝቷል። እሱ ማን ስለሆነ ነው ነቅቶ እንዲቀመጥ የምከፍልለት?»

ክላውድ ላይ ማሽን የሚከፈልበት በሰዓት ነው። ዴርሊስ ግራፉን ከፈተ፤ ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መስመሩ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል።

«ሰውየው እውነታቸውን ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

«እኔስ መች ውሸት ነው አልኩ» አልኩና ማሽኑ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጠፍቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲነሳ አደረግሁት።

ከሌላ አገር የመጣ መሐንዲስ ቢሆን ይህን ስህተት አይሠራም ነበር። እኛ ግን ሲየስታ እየተኛን ያደግን ሰዎች ነን፤ ቀትር ላይ ያስቀመጥነውን ዕቃ ስንነሳ እዚያው እናገኘዋለን። በጭንቅላቱ ብቻ የያዘ ማሽን ሲጠፋ የያዘው ሁሉ አብሮት እንደሚጠፋ አሳምሬ አውቃለሁ፤ በዚያ ሰዓት ግን የሚጠፋ ነገር ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም። ያለ ዲስክ መኖሩ ለብቻው ልክ ነበር፣ መተኛቱም ለብቻው ልክ ነበር፤ ጉድ የሠሩን ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ለተወሰኑ ሳምንታት ማንም አልጮኸም። አውቶቡሶቹ ግማሽ ባዶ ስለሚሄዱ፣ የያዘው ወንበር የጠፋበት ሰው ስልኩን ረግሞ ሌላ ይይዛል።

የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ሲመጣ ግን ከተማው በሙሉ ቺፓ የሚባለውን የበዓሉን የአይብ ዳቦ ሊጋግር ወደ ትውልድ መንደሩ ለመድረስ ተነሳ። ሰው ጠዋት በስልኩ ወንበር ይይዛል፣ ምሳውን ይበላል፣ ይተኛል፣ ፀሐይ በረድ ሲል ጥሬ ገንዘቡን ይዞ ተርሚናል ይመጣል። ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ ዶን አኒባል ደወሉ። «ነይ» ብቻ አሉና ዘጉት። ዴርሊስን ቢሮ ትቼ ላፕቶፔን ታቅፌ ወደ ተርሚናሉ ሮጥኩ።

ሰልፉ ታክሲ ማቆሚያው ደርሷል። የትኬት መስኮቱ ፊት የቆሙት አንዲት ጠና ያሉ ሴት፣ ዶኛ ፖርፊሪያ፣ አይብ የሞላ ቅርጫት ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

«ወንበር የለዎትም ይለኛል እኮ ይሄ ሰውዬ» አሉኝ። «ጠዋት ይዣለሁ። ይኸው መልእክቱ፤ ወደ ኮንሴፕሲዮን፣ በመስኮት በኩል። እህቴ ቺፓ ልትጋግር እየጠበቀችኝ ነው፤ አይቡ ደግሞ እኔ ጋ ነው ያለው።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ጠዋት ከተያዙት ወንበሮች አንድም የለም። አጠገቤ የዶን አኒባል ስልክ ይጮሃል።

«ሳኦ ፓውሎ ነው» አሉኝ። «ምን ልበላቸው?»

«ትንሽ ይቆዩኝ ይበሏቸው» አልኩና አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣሁ። «ጎበዝ፣ ማሽናችን ሲየስታ ተኝቶ ሲነሳ የጠዋቱን ረስቷል። ስልካችሁ ግን አልረሳም። ጠዋት የደረሳችሁን መልእክት አውጡ፤ ወንበሩ ቀድሞ የያዘው ሰው ነው።»

«ማሽን ደግሞ ሲየስታ ይተኛል እንዴ?» አለ አንዱ።

«የዶን አኒባል ከሆነማ ይተኛል፤ ሲነቃ ያስከፍላላ» አለ ሌላው፤ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ዶን አኒባል ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

ዴርሊስ ጋ ደወልኩ፤ እዚያው ቢሮ ሆኖ ሽያጩን አቆመ። እኔ ከሰዎቹ ስልክ አነብለታለሁ፣ እሱ መልሶ ያስገባል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እነዚያኑ ወንበሮች ለያዙት ዶን አኒባል ጥርሳቸውን ነክሰው ከጋራዥ ተጨማሪ አውቶቡስ አስወጡ። ከዚያ ዴርሊስ የተውነውን ዲስክ ተከራይቶ አገናኘው፤ ከእንግዲህ እያንዳንዱ የተያዘ ወንበር ወዲያው ይጻፋል፣ ማሽኑ ከመተኛቱ በፊትም ሙሉ ቅጂ ያስቀምጣል። ዲስኩ የሚያስከፍለው ከሲየስታው ካተረፍነው ያነሰ ነው።

«ነገስ?» አሉኝ ዶን አኒባል። «ነገም ይተኛል?»

«ይተኛል።»

«ተይ እባክሽ። ለሳኦ ፓውሎዎቹ ልስጥና ልረፍ።»

ስልካቸው እንደገና ይጮህ ጀመር። በቃል እንደማላሳምናቸው ገባኝ።

«ዶን አኒባል፣ አሁን ላጥፋው።»

«አሁን? ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ?»

«ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ።»

ዶኛ ፖርፊሪያ ቅርጫታቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «ያንን ወንበር ከነካሽብኝ፣ ይሄን አይብ እዚሁ አንድ በአንድ አስውጥሻለሁ» አሉኝ።

«ሲነሳ መጀመሪያ የምጠይቀው የእርስዎን ነው» አልኳቸውና አጠፋሁት።

ልኩራራ አልችልም፤ ፈራሁ። የሠራነው ትክክል መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን እያወቁም ይፈራል። ዴርሊስ በስልኩ ሌላ ጫፍ «ጠፋ» አለኝ። ማሽኑን አስነሳሁት፣ ስለ ኮንሴፕሲዮኑ አውቶቡስ ጠየቅሁት፣ መለሰልኝ። ስክሪኑን ወደ ዶኛ ፖርፊሪያ አዞርኩላቸው። መነጽራቸውን ከቦርሳ አውጥተው፣ ጠርገው፣ አድርገው፣ ስማቸውን አነበቡ።

«በመስኮት በኩል ነው?»

«በመስኮት በኩል ነው።»

«እሺ» አሉና ገንዘባቸውን አቀበሉ።

ዶን አኒባል ይሄኔ ስልኩን አነሱት። «አዎ፣ ወዳጄ። የኔ ማሽን ቀትር ላይ እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ይተኛል። ሲነሳም የቱ ወንበር የማን እንደሆነ ያውቃል» አሉ። ጥቂት አዳመጡና ዘጉት።

«ምን አሉ?» አልኳቸው።

«የኛ ጨርሶ አይተኛም አሉ። ታዲያ ክፈሉለታ አልኳቸው። ሥራው የናንተ ነው፣ ልጄ» አሉና ትኬት ሊቆርጡ ወደ መስኮቱ ገቡ።

ስልኬን ወደ ጆሮዬ መለስኩት። «ዴርሊስ፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ» አለና አፍንጫውን አበሰ፤ እኔም ስልኩን ሳልዘጋ የዶኛ ፖርፊሪያን ቅርጫት ይዤላቸው ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።