ሚስትየዋን ማን ጠየቃት?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽኩና ዳሌት የሚባለው ሰፈር ጭር ይላል። ሰንበት ስለሆነ አውቶቡስ የለም፣ ሱቁም ዝግ ነው። ማንአለብሽ ቀኝ ክንዷን ትራስ ላይ አሳርፋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ሰውነቷ ይቀመጥ እንጂ ሐሳቧ አልተቀመጠም። ነገ እሑድ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው፤ ጧት ዶክተሯ ዘንድ ቀጠሮ አላት። መተኮሻው ማሽን ላይ ትቀጥል ወይስ ታቁም የሚወሰነው ነገ ነው።

ከጎንደር ከመጣች አሥራ ሁለት ዓመቷ ሲሆን አሥራ አንዱን የሠራችው በአንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። የሆቴሎች አንሶላ እርጥቡን ይመጣል፤ ሁለት ሴቶች ጫፍና ጫፉን ይዘው ከራሳቸው በላይ ያነሡትና ለሚሽከረከረው ትኩስ ብረት ያጎርሱታል። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ትከሻዋ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ክር ብጥስ ያለው አምና ነው። ከሦስት ወር በፊት ለዚችው ዶክተር ሁሉንም ነግራት ነበር። ዶክተሯ ስትሰማ ቆይታ መልሳ ወደ ማሽኑ ሰደደቻት። ከሕመሙ ይልቅ ማንአለብሽን የሚያንገበግባት ይኼ ነው። ባትሰማት ኖሮ ደግማ ትነግራት ነበር። ሰምታ ከፈረደችባት ግን ነገ ምን ብላ ትጀምራለች?

ልጇ ንጋት ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ መጽሐፍ ታገላብጣለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ባግሩት የሚሉት የትምህርት ቤት ማጠናቀቂያ ፈተና ደርሶባታል።

«ኦፍ!» አለችና መጽሐፉን በጥፊ መታችው።

«ምን አደረገሽ?»

«እማ፣ ለልምምዱ ፈተና አርባ ሰጠችኝ አስተማሪዋ! ከመቶ! ያነበብኩትን እኮ ነው የጻፍኩት። 'ሚስትየዋ ደስተኛ ናት' አልኩ። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ቁጭ ብሏል። እሷ በቀይ 'ማን ነው ያለው?' ብላ ጻፈችብኝ።»

ማንአለብሽ ልብ ወለድ አንብባ አታውቅም። ትከሻዋን የሚያስረሳ ነገር ግን አጥታለች። «እስቲ ከመጀመሪያው አውሪልኝ» አለቻት።

ንጋት በአማርኛ እየጀመረች በዕብራይስጥ እየጨረሰች አወራችላት። አንድ ሰዓት ጠጋኝ በወደብ ከተማ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ሚስቱ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጣ መርከቦች ታያለች፤ ባሕር ትወድ ነበር ይላል ባልየው። ሥራ ሲሄድ በሩን በውጭ ይቆልፋል፤ ነፋሱ እንዳይመታት ነው። ማታ ገበታ ላይ ቃል አይወጣትም፤ ቤታችን ሰላም ነበር ይላል።

ማንአለብሽ ክንዷን ረስታ ቀና አለች።

«ቆይ፣ ቆይ። ይኼን ሁሉ የሚያወራው ባልየው ነው?»

«አዎ። 'እኔ' እያለ የሚተርከው እሱ ነው።»

«እሷስ? አንድ ቦታ እንኳ አትናገርም?»

«አትናገርም።»

«ታዲያ ሚስትየዋን ማን ጠየቃት? ተቆልፎባት መርከብ መርከብ የምታይ ሴት ባሕር ወዳ ነው? መውጫ ስትፈልግ ነው እንጂ! እሱ ከቆመበት ሆኖ የታየውን ያወራል፣ አንቺ አመንሽለት።» ሳቀች። «አርባውንም ያገኘሽው አስተማሪሽ አዝናልሽ ነው።»

ንጋት አልሳቀችም። ወደ ገጽ አሥራ ሁለት ተመለሰች፤ ወደ ፊት ሄደች፤ እንደገና ተመለሰች።

«ግን እማ፣ የሚዋሽ አይመስልም። ይወዳታል።»

«ዋሸ አልኩሽ? ይወዳታል። ወዶ ነው የቆለፈባት።»

«ወዶ ነው» ብላ ደገመችው ልጅቱ። ንጋት ተነሥታ መሳቢያውን ከፈተችና የዶክተሯን ደብዳቤ አወጣች፤ የሦስት ወሩን።

«ላንብብልሽ?»

«ምኑን? ወደ ማሽኑ ትመለስ ነው የሚለው።»

«ከዚያ በላይ ያለውን።» ንጋት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች፦ «'ታካሚዋ ደህና ነኝ ትላለች። ትከሻዋን አልፎ አልፎ ትንሽ ያማታል። በቤት ውስጥ የሚያስቸግራት ነገር የለም። ሥራዋን ትወዳለች።'»

«ማን ነው ያለው?» አለች ማንአለብሽ።

«እኔ።»

ያቺን ጧት ሁለቱም በየፊናቸው አስታወሷት። ዶክተሯ እንዴት ነሽ ብላ ጠየቀች። ማንአለብሽ እንዳደገችበት መለሰች፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ እርስዎስ? እሷ ባደገችበት አገር ሕመም ይዞ የመጣ ሰው እንኳ አመስግኖ፣ ጠያቂውን መልሶ ጠይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። አስተርጓሚ ሆና የገባችው ንጋት ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ መለሰችው፣ ዶክተሯም ቃል በቃል ጻፈችው። ከዚያ ማንአለብሽ ታሪኩን ማጠቢያ ቤቱን ከረገጠችበት ቀን ጀመረች። ዶክተሯ ሰዓቷን አየች። ንጋትም አሳጠረችው።

«ፀጉሬን መሥራት አቃተኝ፣ ጀርባዬን የምታጥበኝ ልጄ ናት ያልኩትስ?»

«አልነገርኳትም።» ንጋት ደብዳቤውን ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች። «አፈርኩ፣ እማ። ባዕድ ሰው ፊት ራቁትሽን የማቆምሽ መሰለኝ። ደህና ሰው አድርጌ ላሳይሽ ፈለግኩ።»

ማንአለብሽን ቤቱ ጠበባት። ለካስ ሦስት ወር ሙሉ ወረቀቱ ውስጥ ሌላ ማንአለብሽ ነበረች፤ ትከሻዋ ጤነኛ፣ ሥራዋን የምትወድ። የማጠቢያ ቤቱ አለቃ የሚያምነው ያቺኛዋን ነው፤ አንሶላውን የምታነሣው ግን ይቺኛዋ ናት። መጮኽ አማራት። ግን ማን ላይ? ንጋትን ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለች እንድታስተረጉምላት እጇን ይዛ በየቢሮው ያዞረቻት ራሷ ናት። ስለ ንጋት ጠባይ አስተማሪዋ ስትጠራት እንኳ ያስተረጎመችው ንጋትን ነበር። ያን ጊዜ ልጅቱ ከጠረጴዛው በላይ አትታይም ነበር።

«ነገ 'እኔ' አትበይ» አለቻት በመጨረሻ። «'እናቴ እንዲህ አለች' በይ። የራስሽ ካለሽ ደግሞ የራሴ ነው ብለሽ ተናገሪ። አታሳምሪኝ።»

በማግስቱ የዶክተሯ ክፍል እንደ ባለፈው ጠባብ ነበር። ከሮኬት መጠለያም ሆኖ የሚያገለግል ስለሆነ ግድግዳው ወፍራም፣ የመስኮቱም የብረት መዝጊያ እንደተዘጋ ነው። ራቪት የምትባለው ያቺው ዶክተር ከመቀመጧ በፊት ለሁለቱም ወንበር ሳበችላቸው። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ከደጅ አሥር ሰው የሚጠብቃት ሴት ነበረች።

«እንዴት ነሽ፣ ማንአለብሽ?»

ይቺን ያህል ዕብራይስጥ ማንአለብሽም ትሰማለች። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናችው ሌላ ነበር። አፏ ግን ቀደማት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ እርስዎስ ደህና ነዎት?»

ንጋት በዕብራይስጥ መለሰችው፤ የዶክተሯ ጣቶች ወደ ኮምፒውተሩ ቁልፎች ሲሄዱ ማንአለብሽ አየች። በገዛ አፏ በሩን በራሷ ላይ ዘጋችው፤ ያቺ ጤነኛዋ ሴት ዳግመኛ ገብታ ልትቀመጥ ነው።

«ሬጋ» አለች ንጋት፤ ቆይ ማለቷ ነው። እጇን ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይኼን አትጻፊው። ይኼ ሰላምታ ነው። ስለ ትከሻዋ ገና አልተናገረችም። ባለፈውም ሰላምታውን ነው የጻፍነው።»

ዶክተሯ ልጅቱን አየቻት፤ ከዚያ እናቲቱን። ጣቶቿን አነሣች።

«በሴዴር» አለች፣ እሺ እንደ ማለት። «እጠብቃለሁ።»

ማንአለብሽ ጊዜ አልወሰደችም። ተነሥታ ቀኝ ክንዷን ከፍ አደረገች፤ ጡቷ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። «እዚህ ድረስ ነው» አለች። «ፀጉሬን የምትሠራኝ ልጄ ናት። ጀርባዬንም የምታጥበኝ እሷ ናት።»

«እናቴ እንዲህ አለች» ብላ ጀመረች ንጋት፣ ሁሉንም ተናገረች። ከዚያ ቀና ብላ ዶክተሯን አየቻት። «ይኼኛው ደግሞ የራሴ ነው። አይቻለሁ። ሳጥባት ጩኸቷን እንዳልሰማ ፎጣ ትነክሳለች።»

ለእናቷም በአማርኛ ደገመችላት። ማንአለብሽ ይኼን ልጇ ታውቃለች ብላ አታስብም ነበር።

ዶክተሯ ክንዷን ይዛ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ ሞከረችው። ከዚያ ብዙ ጻፈች። ስትጨርስ ማንአለብሽ ከወንበሯ አልተነሣችም።

«የጻፉትን ያንብቡልኝ በያት።»

ዶክተሯ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ አየችና አነበበች። ንጋት መስመር በመስመር መለሰችው። ትከሻው በመሣሪያ እስኪታይ ድረስ ለሦስት ወር ከትከሻ በላይ እጅ የሚያስነሣ ሥራ አትሠራም። ከዚያ እንደገና ትመጣለች።

«የድሮው ወረቀትስ? ይጠፋል?»

«አይጠፋም፣ እማ። አዲሱ ከሥሩ ይገባል።»

ማንአለብሽ ራሷን ነቀነቀች። እንግዲህ ያቺ ጤነኛዋ ሴት ከላይ፣ እሷ ከሥር፣ አንድ ፋይል ውስጥ ሦስት ወር አብረው ሊኖሩ ነው። ከዚያ ማንኛዋ እንደምትታመን ያኔ ዶክተሯ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ያውቃል።

ወደ ቤት የሚወስደው አውቶቡስ ከታሃና መርካዚት፣ ከዋናው መናኸሪያ፣ ሞልቶ ነው የመጣው። አንዱ ወታደር ተነሥቶ አስቀመጣት። ንጋት አጠገቧ ቆማ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ በሌላው መጽሐፉን ከፈተች።

«ከባልየው በቀር የሚያወራ የለም አይደል?» አለች ማንአለብሽ።

«እስከ መጨረሻው እሱ ብቻ ነው።»

«ይሁን፣ አንብቢልኝ። ብቻ እሷ ዝም ባለችበት ቦታ ሁሉ ቁሚልኝ።»

ንጋት ማንበብ ጀመረች። አንድ ገጽ ሳይሞላ አራት ጊዜ ቆመች።