መሬት እምቢ ያሉት ድንበርተኞች

እኔ ኃይለመስቀል በሺሺንዳ ዙሪያ ያልዳኘሁት ጠብ የለም። ደም የተቃቡ አስታርቄያለሁ። በአንዲት ላም ተኳርፈው ለቅሶ እንኳ የማይደራረሱ ወንድማማቾችን ባንድ ትሪ አብልቻለሁ። አምባውና ታንጉት ግን ጨረሱኝ። ሽምግልናን ያስጠሉኝ እነሱ ናቸው፤ ዛሬም ሳወራው ደሜ ይፈላል።

ሁለቱም አርባን ዘለል ያሉ ድንበርተኞች ናቸው። አምባው ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል። ታንጉት ደግሞ ቦንጋ አግብታ ፈታ የተመለሰች፣ ከአባቷ የወረሰችውን ቡናና እንሰት ብቻዋን ቀጥ አድርጋ የያዘች ሴት ናት። ጠባቸው በድንበር ተጀመረ ይባላል። ኋላ ግን ድንበሩም ተረሳ። አንድ ቀን ታንጉት ምን ብላ ከሰሰች? የአምባው አውራ ዶሮ ጮኾ የእኔን አውራ ዶሮ አስደነገጠው፤ ከዚያ ወዲህ የእኔው እያረፈደ ነው የሚጮኸው ብላ! እሱም አልተኛላትም። የእሷ ዛፍ ጥላ ጠዋት ጠዋት ቡናዬን የማሰጣበት አልጋ ላይ እየወደቀ ቡናው አልደርቅ አለኝ፤ ወይ ዛፉን ትቁረጥ ወይ ጥላዋን ትሰብስብ አለ። ይህን ሦስት ሽማግሌዎች ሥራ ፈትተን፣ ዋርካ ሥር ተቀምጠን ሰማን። ይቅር ተባብለው፣ ጉልበት ስመው በሄዱ በሳምንቱ ሌላ ክስ ይዘው ከች ይላሉ።

አንድ እሁድ ቤቴ ገብቼ ስነጫነጭ ባለቤቴ ሙሉነሽ ሳቀችብኝ።

"አንተ ሰውዬ ዓይንህ የት ነው? ለድንበር ክስ ሹሩባ የምትሠራ ሴት አይተህ ታውቃለህ?"

ክው አልኩ። እውነቷን ነው! ታንጉት ክስ ባለባት ቁጥር አዲስ ተሠርታ፣ ቅቤ ጣል አድርጋ፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ ነው የምትመጣው። ያ አምባው የሚባለውም ለጥምቀት ብቻ የሚያወጣትን ኮት ደርቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ ነው የሚቀርበው። እኛ ጅሎቹ ለሽምግልናው ክብር ብለው ይመስለን ነበር።

በማግስቱ አምባውን ቡናው ውስጥ ያዝኩት። መጀመሪያ ካደ። ቆጣ ስልበት ግን ሁሉንም ዘረገፈው። ከወደዳት ዓመታት አልፈዋል። ጠቡ ሳይበርድ ሽማግሌ ቢልክ አገሩ ሁሉ መሬቷን ፈልጎ ነው ሊል ነው፤ እሷም ታምናለች። ጠቡ ከበረደ ደግሞ ወንደላጤ የሴተላጤ ግቢ ምን ብሎ ይገባል?

"ጋሽ ኃይሌ፣ ካልተጣላን በምን እንነጋገራለን?" አለኝ።

አሁን ደግሞ ለየገበሬው የይዞታ ደብተር ሊሰጥ፣ መሬት ለኪዎች ወደ ቀበሌያችን እየመጡ ነው። አንዴ ተለክቶ ድንበሩ ላይ ድንጋይ ከተቀበረ ክስ የለ፣ ሽምግልና የለ። ታንጉትም ደብተሯን እንዳገኘች መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ቦንጋ ሱቅ ልትከፍት እንደሆነ ለሰው ነግራለች። ይህን ሲነግረኝ፣ ስለ ጥላ ያን ያህል የጮኸ ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አንጀቴን በላው።

የልኬቱ ቀን ደረሰ። ከቦንጋ የመጣው ባለሙያ ሐዲስ የሚባል፣ ከሰሜን በኩል ተመድቦ የመጣ ልጅ እግር ነው። የቀበሌው ሰው ሁሉ ተከትሎታል። ጊዜው ወጣት ሁሉ ተደራጅ የሚባልበት ነበርና፣ ለዶሮ እርባታ የተደራጁትም የተረፈ መሬት ቢገኝ ብለው ከኋላ ከኋላ ይላሉ። ሐዲስ ሜትሩን ዘርግቶ ድንበሩ የቱ ጋ ነው ሲል፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ለለመድነው ጩኸት ጆሯችንን አዘጋጀን።

አምባው ባርኔጣውን አወለቀ። "ድንበሩ የቤቴ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሁሉ የእሷ ነው" አለ።

አይ አምባው! መሬቷን ፈለገ እንዳይባል ብሎ የራሱን መሬት ጠቅልሎ ሰጣት። ለእኔ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

ታንጉት ፊቷ በርበሬ መሰለ። እኔን ማን ለማኝ አደረገኝ አለች። ከዚያ ለሐዲስ ድንበሩ የእኔ ማድ ቤት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በሙሉ የሱ ነው አለችው። እሱ ያን መሬት እግሬም ረግጦት አያውቅ ሲል፣ እሷ አባቴ ሲሞት ቡናው የአምባው ነው ብሎ ተናዟል አለች። ሰውዬው ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ፤ ውሃ ስጡኝ ከማለት በቀር ምንም አልተናገረም። አንተ ውሰድ፣ አንቺ ውሰጂ ሲባባሉ ረፈደ። በመጨረሻ ሐዲስ ላቡን ጠርጎ፣ ሁለቱም የእኔ አይደለም ካሉ መሬቱ ባለቤት የለውም፣ ለቀበሌው ይገባል አለ። የተደራጁት ልጆች ወዲያው የዶሮ ቤቱን ቦታ በእርምጃ መለካት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ባልና ሚስት ቢሆኑስ ብዬ ሐዲስን ጠየቅሁት። ያኔማ በሁለቱም ስም አንድ ላይ ይመዘገባል፣ መሃል ላይ ምን ድንበር አለ አለኝ፤ ግን ዛሬ ከቦንጋ ያመጣው መኪና ሳይመለስ መሆን አለበት። ሁለቱን ሽማግሌዎች ክንዳቸውን ይዤ ቀጥ ብዬ ታንጉት በር ላይ ቆምኩ። ልጃችሁን ለልጃችን ልንል። ቤቱ ውስጥ ግን ማን አለ? አባቷ ሞቷል፣ ወንድሞቿ ጅማ ናቸው። ታንጉት ነገሩ ሲገባት ሰዉን እየገፋች አልፋን ገባች። ነጠላዋን አስተካክላ በአባቷ መቀመጫ፣ በዱካው ላይ ተቀመጠች። እኛም ወጉን ጠብቀን ለመንን።

እሷም በአባቷ ቦታ ሆና መለሰች። ልጅቷን ላማክር፣ ዘመድም አለ፣ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ አለች።

ወጉስ ወጉ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የተባለባት ልጅ ትቀላለች። ግን ውጭ ችካል እየተተከለ ነው! ታንጉት፣ የአባትሽ መሬት እየሄደ ነው ብዬ ለመንኳት።

"ይሂድ" አለች። "የመጀመሪያው ባሌ ሽማግሌ አልላከም። ሳልለመን ነው የሄድኩት። አሁን ልለመን፣ ጋሽ ኃይሌ።"

ያን ጊዜ አምባው፣ ጠያቂ ነህና ራቅ ብለህ ቁም ያልነው፣ እኛን አልፎ ደጃፉ ላይ ቆመ። አሁን ሊከራከራት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ፋሲካ ቅርብ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "የከርሞውንም እጠብቃለሁ። መሬቱን ይውሰዱት። እኔ ስጣላሽ የኖርኩት እንዳይሽ ብዬ ነው።"

ታንጉት ተነሥታ ጓዳ ገባች። ከውስጥ ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ድምፅ ሰማን። ቆይታ ዓይኖቿን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣችና ዱካው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ የአባትነት ፊቷንም መልሳ አኮሳተረች።

"ልጅቷን ጠየቅኋት" አለች። "እሺ ብላለች።"