ድንኳን ሰፊዋና የካፒቴን ሸራ

ድንኳን ሰፊዋ ዓሣ ትጸየፋለች። መብላቱ ይቅርና ማየቱ፣ መንካቱ፣ ሽታው፣ ያ ቆብ የሌለው ዓይኑ አፍጥጦ ሲያያት፣ ሁሉም ሆዷን ያውከዋል። እንዲህ ያለችው ሴት ባሏ በስተርጅና ዓሣ አጥማጅ ሆነባት።

ሰውዬው ዕድሜውን የፈጀው የጭነት መኪና ሲነዳ ነው። ጡረታ እንደወጣ፣ ከተዘጋ የሐይቅ ዳር መዝናኛ ካያክ ገዝቶ መጣ፤ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥባት ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ናት። ሠፈርተኛው በሳቅ ፈረሰ፣ በዚያው ቀንም "ካፒቴን" የሚል ስም አወጣለት። እሱ እቴ! ስድብ መሆኑ መች ገባው፤ ደረቱን ነፍቶ ተቀበለው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። ፎጣው ላይ ቅርፊት፣ ሳሙናው ላይ ቅርፊት፣ አልጋው ውስጥ ሳይቀር ቅርፊት። አንድ ቀን ማቀዝቀዣው ውስጥ ከወተቱ ጎን የእርጎ ዕቃ አየችና ከፈተችው። እርጥብ አፈር ውስጥ የሚርመሰመስ፣ የወፈረ ትል። ክዳኑን እንኳ ሳትመልስ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች።

"ብርድ ካላገኘ ይሞታላ!" አለ ካፒቴን፣ የተበደለ ሰው መስሎ።

"እኔስ ብሞት?"

"አንቺማ ምን ትሆኛለሽ፣ ጠንካራ ነሽ።"

ከሁሉ የባሰው ግን ይዞት የሚመጣው ዓሣ ነበር። ራቅ ብሎ ካልሄደ ስለማያገኝ፣ ትከሻው እስኪገነጠል ቀዝፎ ሲመለስ ዓሣው ጀልባዋ ውስጥ ፀሐይ ሲበላው ይውላል። ሆዱ ለስልሶ፣ ዝንብ ከቦት የሚደርሰውን ዓሣ ገዢዎቹ ገና ከሩቅ አፍንጫቸውን ይዘው ይመልሱታል። እሱም "ከሚጣል" እያለ ወደ ቤት ይዞት ይገባል።

"ሸራ ስፊልኝ" አላት አንድ ቀን። "ማለዳ ነፋሱ ከመሬት ወደ ውሃ ነው፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ ከውሃ ወደ መሬት። አድርሶ የሚመልሰኝ ነፋስ እያለ ለምን ትከሻዬን እገድላለሁ? ለስንቱ ሱቅና መኪና ሸራ ስትሰፊ ለኔ አንዲት ቁራጭ ታጪያለሽ?"

ሽታው ከቤቷ የሚወጣ ከሆነ ሸራ ቀርቶ የመርከብ ልብስም ትሰፋ ነበር። "ትሉ ከቤቴ ይወጣል፣ ዓሣውም እዚያው ሐይቁ ዳር ይጸዳል" አለችው። ተስማሙ።

ጨርቁን ያመጣው እሱ ነው። የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ የታተመበት፣ ውሃ የማያስገባ ትልቅ ሸራ፤ አንድ ግዙፍ አፍ ጥርሱን አግጦ ይስቅበታል። የት እንዳገኘው ብትጠይቀው ዓሣ ተራ የተጣለውን የሆድ ዕቃ ተሸፍኖበት እንደነበር ነገራት። ስትዘረጋው የደረቀ ንፍጥና የዝንብ እንቁላል ተጣብቆበታል። አፏን በመሐረብ አስራ በበረኪና ፈተገችው፤ ደግማ ፈተገችው። ከዚያ ሦስት ማዕዘን አድርጋ ቆረጠችው፣ ጠርዙን አጥፋ ደርባ ሰፋችው፣ ገመድ ማስገቢያውን በነሐስ ቀለበት አጠናከረችው። ከአሮጌ ድንኳን የተረፈ የአሉሚኒየም ተራዳ ሰጠችው። እሱም ከመቀመጫው ፊት ቀዳዳ በስቶ ተራዳውን በብሎን አሰረ፤ ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ደግሞ በአግዳሚ ዘንግ ግራና ቀኝ አፋቸው የተደፈነ ባዶ ጀሪካኖች ገጠመላት።

"ገመዱን በእጅህ ያዝ እንጂ እንዳታስረው" አለችው። "ነፋስ ሲበረታ ልቀቀው። ድንኳን የሚገነጠለው ጠብቆ ሲታሰር ነው።"

የመጀመሪያው ቀን ሐይቁ ዳር ሄዳ አየችው። ነፋሱ ሲገባበት ሸራው ጉንጩን ነፋ፤ ጀልባዋ ማንም ሳይቀዝፋት ውሃውን እየሰነጠቀች ሄደች። ካፒቴን እንደ ልጅ እልል አለ። ድንኳን ሰፊዋም ሳቀች፤ የእጇ ሥራ እንዲህ ሲበር አይታ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ጥሩ ጊዜ መጣ። ካፒቴን ረፋዱ ላይ ሊመለስ ጀመረ። ዓሣው ገና ይንፈራገጣል፤ ገዢዎች ይሻሙበታል፤ ቤቷም ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እንዲያውም አንድ ቀን ደፍራ ዓሣ ነካች። አንገቱ ላይ ዙሪያውን ቀጭን ቀይ መስመር ነበረው፣ በክር የታነቀ ይመስል። መንጠቆ እንዲህ ያደርግ ይሆናል ብላ ተወችው።

አንድ ቀን ከሐይቁ ማዶ አንዲት ባልቴት የተቀደደ የጀልባ ልባስ ይዘው ወደ ሱቋ መጡ። መረብ ጥለው የሚያድሩ፣ ከሴት ልጃቸው ጋር ከባድ የእንጨት ጀልባ የሚቀዝፉ ሴት ናቸው። ልባሱን ስትለካ በረጅሙ ተነፈሱ።

"ልባሱስ ይሰፋል፣ ልጄ። መረቤን ነው ማን እንደሚሰፋልኝ ያጣሁት። አንድ የማይረባ ዓሣውን ይለቅምብኛል፤ መልቀሙ ሳይበቃው መረቡን በቢላ ይዘለዝለዋል።"

"አይተውታል፣ እማማ?"

"ሰውዬውን አላየሁም። ጎህ ሲቀድ ከሩቅ ያየሁት ጥርስ ነው። ውሃ ላይ የሚስቅ ጥርስ! ለልጄ ብነግራት 'እማዬ፣ አርጅተሻል' አለችኝ።"

መቀሱ ከድንኳን ሰፊዋ እጅ ወደቀ። ልባሱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ በዚያች ሰዓት ግን ሽታው ትዝም አላላትም።

ቤት ስትደርስ ካፒቴን የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። አጥንቱን በሳህኑ ጠርዝ ደርድሮ የዓሣውን ራስ ይመጠምጣል፤ ዘይቱ በአገጩ ይወርዳል።

"የማዶዋ ሴትዮ መረብ ውስጥ የነበረ ነው?" አለችው።

ማኘኩን አቆመ። ከዚያ ከጥርሱ መሃል እሾህ መዝዞ አወጣና "ዓሣ ላይ ስም ተጽፎበታል እንዴ?" አላት።

"መረቡንስ ለምን ቀደድከው?"

"ቋጠሮው አስቸገረኝ። እሱን ስፈታ ነፋሱ ያመልጠኛል።"

"አሮጊት ናቸው እኮ!"

"ታዲያ ቁጭ ብለው ይጠግኑታ፤ ሌላ ምን ሥራ አላቸው?" አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ላሰ።

መታጠቢያ ቤት እንኳ አልደረሰችም፤ ደጃፉ ላይ አስመለሳት።

"አሁንም ዓሣ አልለመድሽም?" አለ ከኋላዋ።

"ዓሣው አይደለም" አለችው፣ አፏን እየጠረገች።

በማግሥቱ ቀድማው ሐይቁ ዳር ወረደች። ሸራውን ከተራዳው ፈታ ስትጠቀልል ደረሰባት።

"አንቺ ሴትዮ! ነፋሱ ሊያልፈኝ ነው!"

"ይለፍህ። ዛሬ ማዶ የምንሄደው በአውቶቡስ ነው። ሄደህ ከመረባቸው የለቀምከው አንተ መሆንህን ለሴትዮዋ ትነግራቸዋለህ።"

አጥማጆቹ መቅዘፊያቸውን እንደያዙ ቆመው ይሰማሉ። ካፒቴን ግራ ቀኙን አየና "አብዳለች" ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ማንም አልሳቀለትም። "ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል" አለ አንዱ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሆኖ። ካፒቴን ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ።

ብቻዋን በአውቶቡስ ተሻገረች። ባልቴቲቱን ደጃቸው ላይ አገኘቻቸው።

"ያዩት ጥርስ ያለበትን ሸራ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ እማማ። ያ ሰው ባሌ ነው።"

ባልቴቲቱ ከላይ እስከ ታች አይዋት። አልተቆጡም፤ ግቢም አላሏትም። የተዘለዘለውን መረብ ጎትተው እግሯ ሥር ጣሉት። "በይ ያዢ" አሉ።

መረቡ እርጥብ ነው፤ ቋጠሮው መሃል የበሰበሰ ዓሣ ተጣብቆ ቀርቷል። ድንኳን ሰፊዋ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠች። ንፍጡ በጣቶቿ መሃል እየተሙለጨለጨ፣ አንዴ አንዴ ተነስታ ከጓሮ አስመልሳ እየተመለሰች፣ ቀዳዳ ለቀዳዳ አያያዘች። በሌላም ቀን መጣች፤ መረቡ እስኪያልቅ ተመላለሰች። ባልቴቲቱ ቋጠሮዋን ከማረም በቀር ብዙ አላናገሯትም። በመጨረሻው ቀን ግን እጇን የምትታጠብበት ውሃ ራሳቸው ቀዱላት።

ካፒቴን በዚህ መሃል ጠቅልሎ እህቱ ቤት ገብቶ ነበር። ወሬው ሐይቁን ዞሮ፣ ዓሣውን የሚገዛው ጠፋ፤ ጀልባይቱንም ሸጣት አሉ። አንድ ከሰዓት ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ሱቋ መጣ።

"ተውኩት" አላት። "ዓሣ ማጥመድ ቀረ። ወደ ቤቴ ልመለስ።"

"ሄደህ ነገርካቸው?"

"ምን ብዬ?"

"የሠራኸውን ነዋ።"

"ከሳቸው ጋር ምን አገናኘኝ? እኔ የመጣሁት ላንቺ ብዬ ነው።"

ይህን ብሎ እጁን ትከሻዋ ላይ ሊያሳርፍ ዘረጋ። ሰውነቷ ከሐሳቧ ቀድሞ ሸሸ፤ ወንበሯን ይዛ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። እሱም አየ። እጁን ኪሱ ከተተና ወጣ።

እሷም ወንበሯን ወደ ቦታው መለሰች። ደንበኛ የሚጠብቀው የመኪና መቀመጫ ልባስ ነበረባትና መቀሷን አነሳች።