ሌላ ወገን

አራሚው ዕድሜውን ሙሉ በማተሚያ ቤት የሰው ስህተት ሲለቅም ኖሮ የራሱን ሳያይ ያረጀ ሰው ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ!

አንድያ ልጁ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የቀሩት እሱ፣ ምራቱና የልጅ ልጁ ናቸው። ምራቱ ከድንበር ማዶ የመጣች ናት። ሙሽራ ሳለች ስሟን ብትነግረው፣ «ኧረ ይሄስ ምላስ ይሰብራል!» ብሎ ሳቀና «እንግዳዋ» አላት። በዚያው ቀረ። ባሏ «የኔ» ይላት ነበር፤ ትንሿ «እማ»።

ትናንት «አባባ፣ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት ልገባ ነው» አለችው። እሱም «እንደ ፍጥርጥርሽ» አላት። አይ ኩራት! ከዚያች ሕፃን ሌላ በዚህ ዓለም ምን ቀርቶት?

ዛሬ ጠዋት እሷ ጓዳ ሻንጣ ስትዘጋ፣ እሱ ሳሎን ተቀምጦ የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች መዝገበ ቃላት ያርማል። «ኢሎፍላውያን» የሚለው ላይ ደረሰ። የግሪክ ተርጓሚዎች ፍልስጥኤማውያንን በፊተኞቹ መጻሕፍት እንደ ስማቸው «ፊሊስቲም» ብለው ነበር፤ ኋላ ስሙን ተዉና «አሎፊሊ» አሏቸው፤ ሌላ ወገን ማለት ነው። ግዕዙም ይህንኑ ወርሶ «ኢሎፍሊ» አለ። «ምን ዓይነት ድፍረት ነው!» ብሎ ሊስቅ ሲል ብዕሩን አስቀመጠ።

ምራቱ ልጇን ይዛ ከጓዳ ወጣች። «ምሳዎ ምድጃው ላይ ነው፣ አባባ። ደህና ይሁኑ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ባሌ የተቀበረ ዕለት ለለቀስተኛው ምን ብለው አስተዋወቁኝ? ‹ይቺ እንግዳዋ ናት› አሉ። ሚስቱ እኮ ነበርኩ!» እንባዋን ዋጥ አድርጋ ወጣች።

እሱ አንድ እግር ጫማ አድርጎ ደረጃውን እየተንደረደረ ወረደ። እሷ መንገዱ ዳር አውቶቡስ ላይ ልትወጣ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በስሟ ቢጠራት ትመለስ ይሆናል። አፉን ከፈተ። ኬጢያውያን መጡ፣ ኢያቡሳውያን መጡ፣ ስንት ሺህ ዘመን የሞተ ሕዝብ ሁሉ ተግተልትሎ መጣ። የእሷ ስም አልመጣም። ፈጣሪዬ፣ አንዴ ብቻ! አልመጣም።

«እንግዳዋ!» ብሎ ጮኸ።

አልዞረችም። ትንሿ ብቻ ዘወር ብላ እጇን አወዛወዘችለት፤ የአውቶቡሱም በር ተዘጋ።