የአርባ አንድ ቁጥር ማህተም

ኦርፋ ዲለር የሰው ፊት ማየት ስትፈልግ ጆሮውን ታያለች። ጆሮውን ስታይ ፊቱ ከዳር በኩል ቀስ ብሎ ይመጣላታል። ፊቱን ቀጥ ብላ ካየችው ግን አፍንጫውም አፉም ግራጫ ጭጋግ ውስጥ ይገቡና ኮፍያና አንገት ብቻ ይቀራሉ። በቆሎው ከታጨደ ወዲህ እንዲህ ነው። ሐኪሙ፣ ያውም የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ሁለት ሰዓት ነድታ የሄደችበት ሐኪም፣ የዓይኗ መሀል እየሞተ እንደሆነ፣ ዳር ዳሩ ግን እንደሚቆይላት ነገራት። «ዳር ዳሩ ይበቃኛል» ብላው ተነሳች። ስድሳ አንድ ዓመት የሞላት ግትር ሴት ናትና ለማንም ትንፍሽ ሳትል በማግስቱ ሥራዋ ገባች።

ሥራዋ ታንክ መበየድ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኦሃዮ፣ በቆሎና አኩሪ አተር በሚዘራበት ሜዳ መሀል ያለው ፋብሪካ የከተማውን ግማሽ ያበላል። ኦርፋ እዚያ ሠላሳ አራት ዓመት የታንክ ቀፎ ስትበይድ ኖራለች፤ ከላዩ መድፍም ሞተርም ሳይገባበት በፊት ያለውን ባዶ የብረት ቤት ማለት ነው። እያንዳንዱ በያጅ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ የብረት ማህተም አለው፤ አንድ መስመር በይዶ ሲጨርስ ከጎኑ በመዶሻ ይመታዋል። የኦርፋ ቁጥር አርባ አንድ ነው። በያጅ ሥራ ሲለቅ ማህተሙ የብረት መቀጥቀጫ መስፍ ላይ ተቀጥቅጦ ይጠፋል እንጂ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። ስለዚህ በዓለም ላይ በየትኛውም በረሃና በየትኛውም ጭቃ ውስጥ አርባ አንድ የሚል ታንክ ቢገኝ ያንን መስመር የዘጋችው ኦርፋ ናት።

ወጣቶቹ ሌላ ነገር ነው የሚያወሩት። በሁለት ብረት መሀል ስለሚገባውና ስሙ ስለማይጠራው ድርብርብ ነገር፣ በጎንና በጎን ስለሚሰቀሉት፣ የሚመጣውን ሮኬት ገና በአየር ላይ እያለ አይተው ስለሚያፈነዱት ሳጥኖች። አሁንማ ብረት የድሮ ነገር ሆኗል ይሏታል። «ሳጥኑ እንቅልፍ የወሰደው ቀንስ?» ትላቸዋለች፤ ስቀው ይሄዳሉ።

ይህን ሥራ የምትወደው ለደመወዙ ብቻ አልነበረም። ያደገችው ሃይማኖታቸው መሣሪያ ማንሳት ከሚከለክላቸው የሜኖናይት ገበሬዎች ቤት ነው። ፋብሪካ የገባች ሰሞን አባቷ እሁድ ምሳ ላይ፣ ድንች ላይ የተደፋውን ፓስታ በሹካ እያገላበጠ፣ «እዚያ ምንድነው የምትሠሪው?» አላት።

«ጠመንጃ አልሠራም አባባ። ልጆቹ የሚቀመጡበትን ቤት ነው የምሠራው። እሳት እንዳይገባባቸው ስንጥቁን እደፍናለሁ።»

አባቷ ረጅም ጊዜ አኘከ። «እንግዲያው በደንብ ድፈኚው» አለና ስለዚህ ነገር እስኪሞት ድረስ ዳግም አላነሳም። ኦርፋ በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ሠላሳ አራት ዓመት ኖረች።

ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ሥራው ሕልም ሕልም ይላት ጀመር። ቀፎው ውስጥ ትገባለች፣ ጭምብሏን ታወርዳለች፣ ዓለም ይጨልማል። ከዚያ ያቺ አንዲት ብርሃን ትለኮሳለች፣ ከሥሯም ብረቱ ውሃ ይሆናል። መሀሉን ማየት ስለማትችል ከዳሩ ታየዋለች። ብርሃኑ እየሰፋ፣ እየተንሳፈፈ፣ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ክብ እየሠራ ሲሄድ በረዶ ሥር ያለ ሐይቅ ውስጥ የተቀመጠች ይመስላት ነበር። ድምፁም ይመራታል፤ ብየዳው ደህና ሲሄድ ቅቤ ላይ እንደወደቀ እንቁላል ይንጫጫል፣ ሲበላሽ ይተፋል። አንዳንዴ በዚያ ሙቀት ውስጥ አባቷ ከኋላዋ ተቀምጦ የሚያኝክ ይመስላትና አትዞርም። ብትዞር እንደሚጠፋ ታውቃለች፤ ቀጥ ብላ ያየችው ሁሉ ይጠፋባታል።

አንድ ነገር ብቻ በድምፅ አይታወቅም፤ የብረቱ ሙቀት። ያ ወፍራም ብረት ከመበየዱ በፊት በጋዝ እሳት መሞቅ አለበት። ሳይሞቅ ከተበየደ መስመሩ ሲያዩት ያምራል፣ በማግስቱ ሲመረመርም ያልፋል። ስንጥቁ ግን ውስጥ ተኝቶ ይቆይና በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ይነቃል። ለዚህ ነው በያጆች የሙቀት ጠመኔ የሚይዙት፤ ብረቱን ይጭሩበታል፣ ጠመኔው ከቀለጠ ብረቱ ደርሷል ማለት ነው። ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለስስ ብረት ቶሎ የሚቀልጥ፣ ሌላው ለወፍራሙ ዘግይቶ የሚቀልጥ። በቀለማቸው ይለያሉ። ቀለም መለየት ያቃታት ኦርፋ የወፍራሙን ጠመኔ ጎኑን በቢላ ፍቃ በጣቷ እየዳሰሰች ትለየው ነበር። በዚህ ብልሃቷ በልቧ ትኮራ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከሜዳው የተነሳው ጉም እስከ ፋብሪካው በር ድረስ ገብቶ ነበር። ቀዝቅዟት ከሣጥኗ ቡናማውን ጃኬት አውጥታ ለበሰች። ሰኞ የለበሰችው፣ ማክሰኞ በሰማያዊው የቀየረችው ጃኬት ነው። እጇን ኪሱ ውስጥ ስትከት ጠመኔ አገኘች። በጣቷ ዳሰሰችው። ጎኑ ተፍቋል።

እዚያው ቆመች። ማክሰኞ ከሰማያዊው ጃኬት ኪስ ያወጣችው ጠመኔ ለስላሳ እንደነበር አስታወሰች፤ «ፍቁ አልቆ ነው» ብላ ነበር፣ ሞኝ! ቶሎ ሲቀልጥም ደስ ብሏት ነበር። በዚያ ጠመኔ ተታላ፣ ብረቱ በቅጡ ሳይሞቅ፣ የቀፎውን ወለል፣ ሹፌሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ከሥር በየደችው። ረቡዕ ተመርምሮ አልፏል። ነገ አርብ ደግሞ ወለሉ ምንጣፍ በሚመስል የፍንጣሪ መከላከያ ይሸፈናል፤ ከተሸፈነ ማንም አያየውም።

እስከ ምሳ ድረስ ምንም አልተናገረችም። ብትናገር «እንዴት ተሳሳትሽ?» ትባላለች፣ ቀጥሎ የዓይን ምርመራ፣ ቀጥሎ መስፍና መዶሻ። ፈራች። ላይሰነጠቅም ይችላል ብላ ራሷን አባበለች፤ የአሳማ ሥጋ የገባበትን ዳቦዋን ቀምሳ ተወችው።

ትዋይላ መጥታ ጠረጴዛውን መታችው። ትዋይላ የብየዳ መርማሪ ናት፣ ምላሷ አያርፍም። «እትዬ ኦርፋ፣ ተነሽ! ልጅሽ መጥቷል!»

አሮጌ ታንክ ለእድሳት ሲመለስ እንዲህ ነው የሚባለው። ቀፎው ተራቁቶ ማህተሙ ሲገኝ ባለቤቱ ይጠራል፤ እጁን መስመሩ ላይ ካላሳረፈ ማንም መሥሪያ አያነሳበትም። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ የቀረበት ቀን ግን የለም።

«ዕድሜው ስንት ይሆናል?» አለች ኦርፋ እየተነሳች።

«እኔ እንጃ፣ ካንቺ ግን ያንሳል!»

ቀፎው በክሬን ወደ ጎኑ ተገልብጦ ነበር። ኦርፋ ከሩቅ ቅርጹ እንግዳ ሆነባት። ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት ሆዱ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ፈንጂ ከሥሩ ፈንድቶበታል። የሆነ አገር አቧራ አሁንም ማዕዘኑ ላይ አለ። ቀረብ ብላ እጇን ጉድጓዱ ውስጥ አሳረፈች። ብረቱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ታጥፏል፣ መስመሩ ከብረቱ ጋር አብሮ ታጥፏል፣ ግን አልተከፈተም። ጫፉ ድረስ በጣቷ ሄደች። አርባ አንድ።

«አራት ነበሩ አሉ ውስጡ» አለ ከኋላዋ ላቮን። ላቮን ባሲንገር ፎርማኗ ነው፣ የአጎቷ ልጅ ልጅ፤ ብየዳም ያስተማረችው እሷ ናት። «ሹፌሩ እግሩ ተሰብሮ ነው የወጣው። ሌላ ምንም። በእግራቸው ነው የወጡት አክስቴ።»

ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ትቀልድ ነበር። አሁን እጇን ከጉድጓዱ አላነሳችም። በብረቱ ውስጥ የሰው ትንፋሽ የሰማች መሰላት፤ አራት ልጆች፣ ከዚያ አንዱ ብቻ፣ ከፊት የተቀመጠው። ማኘኩን አቁሞ የሚጠብቅ አባቷም ከኋላዋ ነበረ። በጣም አፈረች።

«ላቮን» አለችው። «የማክሰኞው ቀፎ፣ የሹፌሩ ወለል። ተሳስቻለሁ። የስሱን ጠመኔ ነው የያዝኩት።»

«አንቺ?» አለ ላቮን።

«እኔ። ቸኩዬ ነው፤ ጃኬት ቀይሬ... በቃ ቸኩዬ ነው።»

ውሸቷ ይህች ብቻ ነበረች። መስመሩን ታስፈትሻለች፣ ቢሰነጠቅ ቆርጣ አውጥታ ራሷ ትደግመዋለች፣ ዓይኗን ማንም አያነሳባትም። እንዲህ ነበር ያሰበችው።

ሦስቱም ወደ ማክሰኞው ቀፎ ወጡ። ትዋይላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ ሠራች። መስመሩን ቀይ ቀለም ቀባችው፣ ጠበቁ፣ ጠርጋ አጸዳችው፣ ነጭ ዱቄት ነፋችበት። ስንጥቅ ካለ ውስጥ የገባው ቀይ በነጩ ላይ ተመልሶ ይወጣል። ሌላው ሁሉ ተንበርክኮ መጠበቅ ነው።

ኦርፋም ተንበረከከች። ላቮን በቀኟ፣ ትዋይላ በግራዋ ስለሆኑ እንዳይነቁባት ከዳር ማየት አልደፈረችም፤ ጤነኛ ሰው ስንጥቅ ሲያይ አጎንብሶ፣ ቀጥ ብሎ ነው። እሷም ቀጥ ብላ አየች። ነጭ ነበር። ወለሉ ሁሉ ነጭ፣ ዛሬ ጠዋት ሜዳው ላይ እንደነበረው ጉም ረጋ ያለ ነጭ። ደቂቃ አለፈ። ሌላም አለፈ። ምንም ነገር አልመጣም፤ ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ተነሳላት፣ ዕንባዋም መጣ።

«ተመስገን» አለች። «ንጹህ ነው። አያችሁ? ንጹህ ነው።»



ትዋይላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። በነጩ መሀል፣ ከኦርፋ ጉልበት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ደም የመሰለ ቀጭን ቀይ መስመር ወጥቶ እየረዘመ ነበር።

«አክስቴ» አለ ላቮን ቀስ ብሎ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አይታይሽም።»

ለመቆጣት አፏን ከፈተች፤ ስንት ዓመት ተቆጥታው ታውቃለች፣ ገና ጀማሪ ሆኖ መበየጃ ሲያቃጥለው ጀምሮ። ቁጣው ግን አልመጣም።

«ወጥቷል እንዴ?» አለች።

«ወጥቷል።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። በላይኛው ክፍት ቦታ የሚገባው ብርሃን በዱቄቱ ውስጥ እየተንሳፈፈ ነበር። ውጭ የሚጮኸው ክሬን ከሌላ አገር የሚመጣ ይመስል ነበር። እዚያ እንደተቀመጠች ብትቀር ደስ ባላት፣ ወለሉም በነጭ እንደተሸፈነ ቢቀር።

«በቆሎው ከታጨደ ጀምሮ» አለች። «ከዚያ ወዲህ የበየድኩትን ሁሉ ጻፉ። ስንት ነው?»

ትዋይላ ቆጠረች። «አሥራ አንድ ቀፎ። ዘጠኙ ግቢ ውስጥ ናቸው። ሁለቱ ሰኞ በባቡር ሄደዋል።»

«አስቁሟቸው። ሁሉንም ክፈቷቸው። ምንጣፍ የለበሱትንም ምንጣፋቸውን አንሡ፣ አንዱም እንዳይቀር።» ከኪሷ ማህተሙን አውጥታ ለላቮን ዘረጋችለት። ላቮን እጁን አልሰነዘረም። «ያዘው እንጂ! እጄ ዝሎ ይውደቅልህ?»

ተቀበላት። በመዳፉ ውስጥ ሞቅ ያለ ነበር።

«አሳየኝ» አለችው።

ላቮን እጇን ይዞ ጣቷን ወለሉ ላይ አሳረፈ። ጣቷ ምንም አላገኘም፤ ስንጥቁ ከጸጉር የቀጠነ ነው።

«እንደዚህ አይሆንም» አለች። «ሂድ፣ ከስንጥቁ ወዲያ ተቀመጥ። ትንሽ ወደ ጎን። ኮፍያህን አውልቅ።»

ሄዶ ሹፌሩ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ኦርፋ ፊቱን ቀጥ ብላ አየችው። በመጀመሪያ ዓይኑ ጠፋ፣ ከዚያ አፉ፣ ከዚያ ብየዳ ያስተማረችው ልጅ ፊት በሙሉ ጭጋግ ውስጥ ገባ። በእይታዋ ዳር ላይ፣ ከእግሩ አጠገብ፣ ቀዩ መስመር ቀስ ብሎ መጣ። ጥርት ብሎ ነበር።

«አየሁት» አለች። «ስንዝር ሙሉ ነው፣ ላቮን። ልክ ከተቀመጥክበት ሥር።»