የካውቦዩ ካሴት ጉዳይ

«ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ፦ ከዛሬ ቅዳሜ መስከረም 30 ቀን 1991 ዓ.ም. ጀምሮ የካውቦዩ ካሴት ከአገልግሎት ተሰናብታ በማንኪያ መሳቢያ ውስጥ እንድትቀመጥ መወሰኑን በጥልቅ ሐዘን እናስታውቃለን።»

ማስታወቂያውን የጻፉት እዚህ አሜሪካ፣ ስኔሊንግ አቨኒው የሚባል ጎዳና ላይ የአበሻ ምግብ ቤት ያላቸው ወይዘሮ የምሥራች ናቸው። ማኅተም ስላልነበራቸው በዶሮ ቅርጽ ማግኔት አጽንተው የለስላሳ ፍሪጁ ላይ ለጠፉት።

እስቲ ፍረዱኝ። ኢትዮጵያና ኤርትራ ግንቦት ላይ ጦር ከተማዘዙ ወዲህ እዚህ ቤት የአማርኛ ዘፈን ሲከፈት ግማሹ ሰው ሳይጠግብ እጁን ይታጠባል፤ የትግርኛ ሲከፈት ሌላው ግማሽ ጃኬቱን ይደርባል። ማንንም ያላስቀየመች አንዲት ካሴት ብቻ ነበረች፤ ፈረሱን ሸጦ በእግሩ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ ካውቦይ የምታለቃቅስ የድሮ የእንግሊዝኛ ዘፈን። ሽማግሌ ያቃተውን ሰላም አንድ ከብት ነጂ አምስት ወር ሙሉ ጠበቀልን። ቴክሳስ በየት በኩል እንደሆነች የማናውቅ ሰዎች ለማናውቀው ፈረስ አንገታችንን ደፋን። ይህችንም አልተውናትም!

አቶ ካሕሳይ በወጣትነታቸው አስመራ፣ በአሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር ውስጥ ሳህን ያጥቡ ነበር። አቶ ምንዳዬ ደግሞ እዚያው ከተማ የኢትዮጵያ ጦር የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ዘፈኑን ሁለቱም የሰሙት ከዚያው የጦር ሰፈር ሬዲዮ ነው። የተዋወቁት ግን እዚህ ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት አንዳቸው ሲያፏጩት ሌላው ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ከፊሊፕስ ሰፈር በአውቶቡስ፣ ሌላው ከኒው ሆፕ ከተማ መኪናቸውን ድራይቭ አድርገው እየመጡ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ትሪ ይበላሉ።

ማስታወቂያው ከመለጠፉ ሳምንት በፊት አቶ ካሕሳይ ጥብስ እያኘኩ፣ ይህ ዘፈን እኮ የእኛ ነው፣ ለዓለም ያሰማችው አስመራ ናት አሉ። አቶ ምንዳዬ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? ለመሆኑ ያኔ አስመራ የማን ነበረች ብለው ጠየቁ።

አለቀ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ማንም ሳይመርጠው ጸሐፊ የሆነው ሐጌ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ደብተር አወጣ። የመጀመሪያው ስንኝ ለኤርትራ፣ ሁለተኛው ለኢትዮጵያ፣ አዝማቹ በተባበሩት መንግሥታት ጥበቃ ሥር ይሁን የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ያቀረበውም ሰው አልሳቀም። አቶ ካሕሳይ፣ ዘፈኑ የእኔ መሆኑን ምንዳዬ በአፉ ካልተናገረ ከእሱ ጋር አንድ ትሪ አልነካም ብለው ማሉና መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ሄዱ። ወይዘሮ የምሥራች ሳምንቱን ታግሠው ካሴቷን ከቴፑ ነቀሏት።

ማስታወቂያው በተለጠፈበት ቀን ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። አቶ ምንዳዬ የሁለት ሰው ትሪ ለብቻቸው አዘው፣ ግማሹን ሳይነኩት ያዩታል። አቶ ካሕሳይ ሳይታወቃቸው ያችኑ ዜማ ያንጎራጉራሉ።

የእቃ ማጠቢያውን ቧንቧ ሊጠግን የመጣ አንድ ፈረንጅ ከጓዳ ብቅ አለና ሳቀ። ይህን ዘፈን የሚሰማ ሰው ዛሬም አለ እንዴ፣ የእኔ አያት እንኳ ያፍሩበት ነበር አለ።

አቶ ካሕሳይ አቀረቀሩ።

አቶ ምንዳዬ ብድግ አሉ። በዚያ በሚጎተት እንግሊዝኛቸው፣ ጣታቸውን ወደ አቶ ካሕሳይ ቀስረው፣ «ጌታው» አሉት፣ «ዘፈኑ የእሱ ነው። እሱ ፊት ስትናገር ተጠንቀቅ።»

ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ወደ ቧንቧው ተመለሰ። አቶ ካሕሳይ ሳህናቸውን ይዘው መጡና ጥብሳቸውን የአቶ ምንዳዬ ትሪ ላይ ገለበጡት። ወይዘሮ የምሥራች መሳቢያውን ከፈቱ።

ሐጌ ደብተሩን ገለጠ። «ጋሼ ምንዳዬ፣ የባለቤትነት ጥያቄዎን አንስተዋል ብዬ ልመዝግብ?»

«አትመዝግብ።»

«ታዲያ የእሱ ነው ሲሉ ምን ማለትዎ ነበር?»

አቶ ምንዳዬ ጎረሱ፤ አላምጠው ዋጡ።

«አላብራራም።»