የግራው ጎን

"እዚህ ጋ አቁመው" አለ ማክኔሪ።

ኦራን ጊድሪ ቪዲዮውን አቆመው። ግድግዳው ላይ ሰባት ቁጥር የለበሰ ቀጭን ረጅም ልጅ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀጥ አለ። ኳሷ ከተጋጣሚው ወርዋሪ እጅ ወጥታ አየር ላይ ናት። ተቀባዩ በልጁ ግራ በኩል አልፎት ሊሮጥ ነው፤ ልጁ ግን ገና ከቦታው አልተነቃነቀም።

"አየኸው? ኳሷ ወጥታለች፣ እሱ ቆሟል።"

"ደረሰበት እኮ።"

"ደረሰበት፣ በእግሩ ፍጥነት። እኛ ጋ ያሉ ተቀባዮች ግን ይህን ያህል አይጠብቁትም።"

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ማክኔሪ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተጫዋች ይመለምላል። ትናንት ማታ ጨዋታውን አይቶ፣ እዚያው ቤል አንስ ከተማ አድሮ፣ አሁን ከአሰልጣኙ ከኦራን ጋር ቪዲዮውን ሊገመግም ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥቷል። የሚፈልገው ጃቫሪስ ብሩሳርድን ነው። ጃቫሪስ በአሜሪካ ፉትቦል ሴፍቲ የሚባለው ነው፤ ከተከላካዮቹ ሁሉ ኋላ የሚቆም፣ ከፊቱ ያሉት በሙሉ ቢታለሉ ብቻውን የሚቀር። ረጅም ኳስ ሲወረወር ቀድሞ ደርሶ ማጨናገፍ፣ ካልሆነለትም ተቀባዩን ይዞ መጣል የእሱ ሥራ ነው።

በቀኙ በኩል ልጁ ሥራውን አሳምሮ ያውቀዋል። የወርዋሪውን ትከሻ አይቶ፣ ኳሷ ሳትወጣ በፊት መንገድ ይጀምራል። አንዴ እንዲያውም ተቀባዩ ገና ዞር ሳይል ኳሷን ከፊቱ ወስዶበት ሲሮጥ ማክኔሪ ሳያስበው በአፉ አፏጨ። በግራ በኩል ሲሆን ግን ያው ልጅ የተኛ ይመስላል። መጀመሪያ አንገቱን ያዞራል፣ ቀጥሎ ደረቱን፣ ከዚያ በኋላ ነው እግሩ የሚነሳው።

"ወገቡ ነው" አለ ማክኔሪ ጃኬቱን እያነሳ። "ወደ ግራ ሲታጠፍ ይደርቅበታል። በልምምድ የሚፈታ ከሆነ እወስደዋለሁ፤ ተፈጥሮው ከሆነ ግን አልችልም። የቀረኝ አንድ ቦታ ነው፣ ኦራን። ወደ ማታ ልደውልልህና ቁርጡን ንገረኝ። አንተ ካልክ ይበቃኛል።"

ማክኔሪ ከሄደ በኋላ ኦራን ከወንበሩ አልተነሳም። ጃቫሪስን የሚያውቀው በትንንሽ ልጆች ቡድን ውስጥ ሄልሜቱ ከራሱ ሲበልጥ ጀምሮ ነው። ያ ልጅ ወገቡ ደርቆ አያውቅም። ያምናውን ቪዲዮ ፈልጎ ከፈተ። አምና ጃቫሪስ በግራ በኩል እንደ ውሃ ይፈስስ ነበር፤ ትከሻውን እንኳ ሳያዞር ተቀባዩን ከጎኑ ያውቀዋል። ኦራን ያምናውንና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አድርጎ ደጋግሞ አየ። ወገቡ ያው ነው። የተለወጠው አንገቱ ነው። ዘንድሮ ልጁ አገጩን እስከ ትከሻው ድረስ እየወሰደ የሆነ ነገር ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ማንም የማያየውን ክፍል ማየት ጀመረ፤ ጨዋታው ቆሞ ካሜራው ሳይዘጋ የቀረበትን። ልጆቹ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ። አንዱ ጓደኛው ከጃቫሪስ በስተግራ ቆሞ የውሃ ጠርሙስ ይዘረጋለታል። ጃቫሪስ ቀጥታ ፊት ለፊት ያያል። ልጁ ጠርሙሱን እንደዘረጋ ይቆያል፣ ከዚያ ትከሻውን በጠርሙሱ ይነካዋል። ጃቫሪስ እንደ መበርገግ ይልና ስቆ ይቀበላል። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ደግሞ በዚያው በኩል መዳፍ ለመማታት እጁን ያነሳለታል፤ መዳፉ አየር ላይ ይቀራል።

ኦራን ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ስልኩን አንስቶ ጃቫሪስን ወደ ትምህርት ቤቱ ጠራው።

ጃቫሪስ ፀጉሩን አስተካክሎ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ለመልማዩ ብሎ እንደሆነ ያስታውቃል። እንደሄደ ሲሰማ ቅር አለው፣ ግን አላሳየም። "ምን አለ፣ ኮች?" ብሎ ከፊት ወንበር ተቀመጠ።

ኦራን ከጠረጴዛው ላይ መንደሪን አነሳ። ባለቤቱ ጓሯቸው ካለው ዛፍ ለቅማ በከረጢት የሰጠችው ነው። ከልጁ በስተቀኝ ሄዶ አንዱን ወረወረለት፤ ጃቫሪስ ዞር እንኳ ሳይል በአንድ እጁ ቀለበው። ኦራን እንደ ዋዛ እየተራመደ በግራው በኩል ዞረና ሁለተኛውን ቀስ አድርጎ ወረወረ። መንደሪኑ ልጁን ጆሮው ሥር መትቶት ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ጃቫሪስ መንደሪኑን ለማንሳት አልጎነበሰም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን አየ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ ኦራን።

"ደክሞኝ ነው፣ ኮች። ትናንት ብዙ..."

"ጃቫሪስ።"

ልጁ ቀስ እያለ ነገረው። ነሐሴ ውስጥ አጎቱን ዕቃ በመጫን ሲያግዝ፣ ጭነቱን የሚያስሩበት ላስቲክ ተስፈንጥሮ መንጠቆው ግራ ዓይኑን መታው። ለጥቂት ቀን ደም ለበሰ፤ እናቱን ኳስ ነው የመታኝ አላት። እብጠቱ ጠፋ፣ ዓይኑም የተሻለው መሰለ። የጤና ምርመራው ከዚያ በፊት በሚያዝያ ስላለቀ ዳግመኛ የጠየቀው የለም። ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ግን ከዳር በኩል ጨለማ ነገር መጣበት።

"እንዴት ያለ ጨለማ?"

"እንደ መጋረጃ ነው፣ ኮች። መጀመሪያ ዳር ላይ ብቻ ነበር። ለምጄው ነበር፤ አንገቴን ትንሽ ካዞርኩ ይበቃኛል።"

"አሁንስ?"

ጃቫሪስ ጣቱን አንስቶ ከጆሮው ጀምሮ በጉንጩ ላይ እያስኬደ ወደ አፍንጫው አቀረበው። "በዚህ ሳምንት እዚህ ደርሷል።"

ኦራን ፊቱን በሁለት እጁ አሸው። የሚቀጥለው ዓርብ ጨዋታ የወረዳውን ሻምፒዮን የሚለይ ነው። ከተማው ይህን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ኦራን ራሱ ልጅ ሆኖ ሲጫወት ነበር። ከፀጉር ቤቱ እስከ ጎማ መሸጫው መስኮቶቹ ሁሉ በቡድኑ ቀለም ተቀብተዋል። ጃቫሪስን የሚተካው ኬንድሪክ ጥሩ ልጅ ነው፤ ረጅም ኳስ ሲመጣ ግን ይደነግጣል።

ልጁም ይህንኑ ያስብ ነበር። "ዓርብን ብቻ፣ ኮች። አንድ ጨዋታ ነው። በግራ በኩል ኬንድሪክን ያስቁሙልኝ፣ እኔ ቀኙን እይዛለሁ። ቅዳሜ ራሴ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ እምላለሁ። ይህን ሁሉ ወር ተጫውቼበት የለ?"

ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ኦራን አሰላለፉን በአእምሮው ሲያዞረው ያዘ፤ ኬንድሪክን ወደ ግራ፣ ጃቫሪስን ጠበቅ አድርጎ ወደ ቀኝ፣ ለመልማዩም "ወገቡ ይፈታል" ማለት። ማንም አያውቅም። ግድግዳው ላይ የቆመውን ምስል አየ። ልጁ አገጩን ትከሻው ላይ አድርጎ ከጨለማው ውስጥ የሚመጣ ሰው ይፈልጋል። የሚመጣው ደግሞ በሙሉ ኃይሉ የሚሮጥ የሌላ ሰው ልጅ ነው።

"ተነስ" አለው። "እንሂድ።"

"ወዴት?"

"ላፋዬት። ዓይን ሐኪም ጋ።"

ጃቫሪስ አልተነሳም። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ኦራን እንዳላየ ሆኖ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። "ልትጠላኝ ትችላለህ" አለው። "መኪና ውስጥ ሆነህ ጥላኝ።"

መንገዱ ሸንኮራ አገዳ በጫኑ መኪናዎች ተጨናንቋል፤ አገዳው ታጭዶ የሚጨመቅበት ወቅት ነው። ልጁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሄደ። ኦራን ከመነሳቱ በፊት ለእናቱ ለቨርሊን ደውሎ ነበር። ቨርሊን ከእነዚህ መኪናዎች አንዱን ትነዳለች፤ ስልኩን ያነሳችው የሞተሩ ጩኸት መሃል ነው። መጀመሪያ የሰማችው "ሆስፒታል" የሚለውን ብቻ ነበር። ነገሩን ሲያስረዳት ሰማችውና "መጣሁ" ብላ ዘጋችው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የልጁን ዓይን በብርሃን አየች፣ ጠብታ አድርጋ ቆይታ እንደገና አየች። ከዚያ ቨርሊን እስክትደርስ መጠበቅ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ኦራን ይህን ሲሰማ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባው።

ቨርሊን ቦቲዋ ላይ ጭቃው እንዳለ ገባች። ሐኪሟ አስቀመጠቻትና በቀላል ቋንቋ አስረዳቻት። ዓይን ውስጥ ምስል የሚቀበለው ስስ ሽፋን ከኋላው ግድግዳ እየተላቀቀ ነው፤ እንደ ተላጠ የግድግዳ ወረቀት። መሃሉ ገና ስለያዘ ሊድን ይችላል፣ ግን ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ቨርሊን ሳምንት ቢቆይ ምን ይሆን እንደነበር ጠየቀች። ሐኪሟ ዓርብ ማታ በአንድ ግጭት ብቻ ዓይኑ ሊጠፋ ይችል እንደነበር ነገረቻት። ዘንድሮ ኳስ የለም። ከዚያ በኋላ ይጫወት እንደሆነ አሁን መናገር አይቻልም።

ቨርሊን ልጇ ላይ ትጮኻለች ብሎ ኦራን ጠብቆ ነበር። እሷ ግን አየት አድርጋው ወደ ኮሪደር ወጣች። ኦራን ተከተላት። አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት፤ እሱን ኮች ብላ ጠርታው አታውቅም።

"መቼ ነው ያወቅከው፣ ኦራን?"

"ዛሬ ጠዋት።"

"ያንን ቪዲዮ በየሳምንቱ ታየው የለም እንዴ?"

"አየዋለሁ። እግሩን ነበር የማየው።"

ቨርሊን ግድግዳው ላይ ተደገፈች። "እኔም በየቀኑ ቁርስ አብሬው እበላለሁ" አለች። "አንገቱን ሲያዞር 'ተኩራራህብኝ' እያልኩ እስቅበት ነበር።" በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ ውስጥ ተመለሰች፣ ከልጇ አልጋ አጠገብ ባለው ወንበር ላይም ተቀመጠች። ልጁ "ይቅርታ፣ እማ" አላት። እጁን ያዘችው።

ወደ ማታ የኦራን ስልክ ጮኸ። ማክኔሪ ነበር። ኦራን ወደ ኮሪደሩ ሊወጣ ሲል ጃቫሪስ ከአልጋው ላይ ቀና አለ።

"እሱ ነው?"

"አዎ።"

"ምን ሊሉት ነው?"

ኦራን የሚለውን አልወሰነም ነበር። መንገድ ሁሉ ሲያስብ የዋለው አንድ ነገር ነው፤ "ተጎድቷል፣ ሲሻለው እናያለን" ብሎ ዓይን የሚለውን ቃል መተው። ውሸት አይደለም። በሩም ጨርሶ አይዘጋም።

ልጁ እጁን ዘረጋ። "ይስጡኝ፣ ኮች። የሱን ጥያቄ እኔ ነኝ የምመልሰው።"

ኦራን ስልኩን ሰጠው።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ጃቫሪስ ነኝ" አለ ልጁ። "ስለ ወገቤ የጠየቁት... ወገቤ ደህና ነው። ግራ ዓይኔ በደንብ አያይም። ከነሐሴ ጀምሮ ደብቄ ስጫወት ነበር። ኮችም እናቴም አያውቁም ነበር። ነገ ቀዶ ሕክምና አለኝ።"

ከዚያ በኋላ ማዳመጥ ብቻ ሆነ። "አዎ" ይላል፣ "ገባኝ" ይላል። ሲጨርስ "አመሰግናለሁ" ብሎ ስልኩን መለሰ።

"ምን አለህ?" አለች ቨርሊን።

"ቦታው አንድ ስለሆነ አልጠብቅህም አለኝ። በሚያዝያ ዓይኔ እንዴት እንደሆነ ደውዬ እንድነግረው ግን ፈልጓል።" ትንሽ ቆየና ጨመረ፤ "ያንን ሁሉ በአንድ ዓይን ነው እንዴ ያደረግከው አለኝ።"

ልጁ ትራሱ ላይ ተደገፈና እናቱን ለማየት አገጩን ወደ ግራ ትከሻው ወሰደ። ቨርሊን ይህን አየች። ቦርሳዋን አነሳች፣ አልጋውን ዞረች፣ ወንበር ስባም በቀኙ በኩል ተቀመጠች።